በደመወዝ ፋንታ የተሰጠ ሹመት

የቀለም ፋብሪካው ስቶርኪፐር ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የደመወዝ ጭማሪ ቢጠይቅ ሹመት ተሰጠው። «ምክትል የንብረት ኃላፊ» የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙ ደረሰው፤ ደመወዙ ላይ ግን ሳንቲም አልተጨመረም። የፋብሪካው አመል ነው፤ ጭማሪ የጠየቀውን ሁሉ ምክትል ያደርገዋል። በዚያ ግቢ ምክትል ያልሆነ የበሩ ውሻ ብቻ ነበር። የኛ ሰው ግን፣ ሞኝነቱ፣ ደብዳቤውን መስታወት አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። ሚስቱ «ተቀቅሎ አይበላ!» ብላ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምክትል» እያለች ትጠራው ጀመር። ሰፈሩም ተከተላት።

ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ ጊዜው ያለፈበትን ቀለም አዲስ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አስለጥፎ ከመጋዘን እንዲያወጣ አዘዘው።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ግድግዳ ላይ አይቆይም።»

«አንተ አውጣ፤ እኔ አለሁልህ።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ስቶርኪፐሩም ያለ ወረቀት ሚስማር አያወጣምና ትዕዛዙን በጽሑፍ ተቀብሎ አወጣ። ቀለሙ ከአንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲረግፍ ባለሆቴሉ ሁለቱንም ከሰሳቸው።

የፋብሪካው ቦርድ ለሌላ ጉዳይ ወር ይፈጅበታል፤ ለዚህ ግን አሥር ደቂቃ በቃው። በሥራው ምክንያት ለተከሰሰ ኃላፊ የጠበቃውን ወጪ ፋብሪካው እንደሚችል ደንቡ ስለሚል፣ ለሥራ አስኪያጁ ጠበቃ ተገዛለት። ስቶርኪፐሩስ?

«ደንቡ ለኃላፊ ነው» አለው ሥራ አስኪያጁ ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው። «አንተ ተራ ሠራተኛ ነህ። የራስህን ጠበቃ ፈልግ።»

ጠበቆቹ የጠሩት ዋጋ ያቺን ሁለት ክፍል ቤቱን የሚያሸጥ ነበር። ማታ ለሚስቱ ነገራት። ወንበር ላይ ወጥታ ደብዳቤውን ከነአቧራው አወረደችው።

«እንካ፣ ምክትል። ዛሬ እንቀቅለው።»

በማግስቱ ከነመስታወቱ ብብቱ ሥር ይዞት ቦርዱ ፊት ቀረበ። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። ደንቡንም አስመጥቶ ገለጠ፤ «ኃላፊ ወይም ምክትል ኃላፊ» ይላል።

«ይሄማ ለስም ያህል ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ጌታዬ» አለ ስቶርኪፐሩ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጭማሪዬ እሱ ነበር።»

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ሳንቲም ሲቆጥቡ ግቢውን በምክትል የሞሉት እነዚያ ብልጣብልጦች፣ ሳይወዱ በግድ ጠበቃ ገዙለት። በፋብሪካው ገንዘብ የቆመው ጠበቃም ችሎት ላይ መጀመሪያ ያወጣው የሥራ አስኪያጁን የትዕዛዝ ወረቀት ነበር።

ስቶርኪፐሩ ነፃ ወጣ። በዚያው ሳምንት የምክትሎች ሁሉ ሹመት መሻሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። የፈረመው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው።