ሦስት ግቢ፣ አንድ አየር

ባንቺአየሁ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ጣራውን ነው። ሶፋው አዲስ ይሁን አሮጌ ልብ አትልም፤ ኮርኒሱ አቡጀዴ ይሁን ቺፑድ፣ ገመድ በየት በየት እንደሚያልፍ ግን ቁጭ ሳትል ትነግራችኋለች።

የአንበሳሜ ልጅ ናት። ባሕር ዳር የመጣችው ኤሌክትሪክ ልትማር ነበር። ቴክኒክና ሙያ ስትጨርስ ግን መብራት ከሚያስገባው ይልቅ ዋይፋይ የሚያስገባው በዝቶ አገኘችው፤ እሷም ከገበያ ጋር አትጣላም። ግሽ አባይ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ መሰላሏን ባጃጅ ጣራ ላይ አሥራ ከሰፈር ሰፈር ትዞራለች።

"ባለመሰላሏ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሰማይ ልትወጪ ነው?" ይሏታል ሾፌሮቹ።

"ያንተን። ወሬህ ከበዛ እዚያው ሰቅዬህ ነው የምወርድ።"

ያን ሰሞን ግን ቀልዱም ጠፍቶባት ነበር። ፔዳ አካባቢ፣ በአጥር የሚዋሰኑ ሦስት ግቢዎች አሉ። አንደኛው የእትዬ ፅጌ ማርያም ነው፤ ከላይ እስከ ታች ለተማሪ ያከራያሉ። ሁለተኛው የመሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ነው። ሦስተኛው የጋሼ ኃይለ ገብርኤል፤ እሳቸው ጣና ዳር አዲስ ሎጅ እያስጨረሱ ነው። ለሦስቱም ዋይፋይ ያስገባችው ባንቺአየሁ ናት፤ በተለያየ ጊዜ፣ ለየብቻቸው። ሦስቱም የተማከሩ ይመስል ያዘዟት አንድ ነገር ነው፤ "የኔ ከጎረቤቴ ይብለጥ!" ደንበኛ አዘዘ ብላ የሁሉንም ማሠራጫ ጉልበት እስከ ጥግ ለቀቀችው።

ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን ደህና ይውልና ተማሪው ከክፍል ሲመለስ ሁሉም ነገር ይታነቃል። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ቪዲዮው ግን ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። ጋሼ ኃይለ ገብርኤል ደወሉላት።

"ባንቺ፣ የሎጁን ሥራ ላንቺ ልሰጥ አስቤ ነበር። የገዛ ግቢዬን ያነቀች ልጅ ግን ጣና ዳር ወርዳ ምን ልትሠራልኝ ነው? ይኼን ሳታስተካክይ ቅዳሜ ከደረሰ ሌላ ሰው እጠራለሁ።"

ሎጁ! ባንቺአየሁ ከግቢና ከካፌ ያለፈ ሥራ ይዛ አታውቅም። ያ ከተገኘ በባጃጅ መንከራተት ቀርቶ የራሷን ሱቅ ልትከፍት ነው። በማግሥቱ ስልኳን ይዛ ሦስቱን ግቢ ዞረች፤ ወዲያው ተገለጠላት። ሦስቱ ማሠራጫዎች በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የሞገድ መስመር፣ በሙሉ ጉልበት አንዱ በአንዱ ላይ እየጮኹ ነው። መድኃኒቱን ታውቀዋለች፤ የሚከብደው ማስዋጡ ነው።

ባለቤቶቹን አጥሩ ሥር ሰበሰበቻቸውና "ሦስታችሁም ጉልበቱን ትቀንሳላችሁ" አለች።

"እኔ ልቀንስና እሱ ሊፎክርብኝ?" አሉ እትዬ ፅጌ ማርያም፣ ጋሼን በአገጫቸው እየጠቆሙ። ሳይጨርሱ ጋሼ ኃይለ ገብርኤል "ገንዘብ ያፈሰስሁበትን!" ብለው ተነሡ፤ መሪጌታም "ቆዩ፣ ቆዩ እስኪ!" እያሉ ከሁለቱ በላይ ጮኹ። ባንቺአየሁ መሰላሏ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሲደክማቸው ወደ እሷ ዞሩ።

"ጨረሳችሁ? ማን ምን እንዳለ አንዱንም አልሰማሁ። የሁላችሁም ድምፅ ደህና ነው፤ አየሩ ግን አንድ ነው። ማሠራጫዎቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው መጠበቅ አለበት፤ እኩል ከጮኹ የሁለቱም ይበላሽና እንደገና ይጀምራሉ።"

መሪጌታ ሳቁ። "ቀኝና ግራው እኩል ቢያነሣ ማኅሌቱ ገበያ ሆነ ማለት ነው።"

"እንዲያ ነው፣ የኔታ። ለየግቢው የራሱን ቻናል እሰጣለሁ፤ ጉልበቱ ከአጥር ብዙ እንዳያልፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ ሦስቱን በገመድ አገናኝቼ በአንድ መሪ ሣጥን አስተዳድራቸዋለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎ የጓሮ ሰርቪስ ቤቶች የሚቀርቡት ለመሪጌታ ማሠራጫ ነው፤ በዚያ ይጠቀማሉ። የእትዬ የጥግ ክፍሎች ደግሞ በእርስዎ።"

"የሷ ተማሪ በኔ?" የጋሼ ፊት ጠቆረ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወንፈል ረሳህ?" አሉ እትዬ ፅጌ ማርያም። "ዛሬ ያንተን እርሻ፣ ነገ የኔን። ፎቅ ስትሠራ ማረሱ ጠፋህ?"

"አልረሳሁም! ያንቺ ልጆች ግን እርሻውን ከነበሬው ነው የሚበሉት።"

"ለሱም ልጓም አለኝ" አለች ባንቺአየሁ። "ማንም ብቻውን እንዳይውጠው ለየሰው ልክ አበጅለታለሁ።"

ለአንድ ምሽት ይሞከር ተባለ። መሰላሏን ከግቢ ግቢ እያዞረች ገመዱን ዘረጋች፣ ጉልበቱን አወረደች። ጋሼ ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል። ምልክቱ ከሙሉ ወረደ።

"ገደልሽው!"

"ምልክቱን ይተዉት ጋሼ፤ ሰው ይደውሉ።"

ደሴ ለምትኖረው ልጃቸው ለአደይ በቪዲዮ ደወሉ። ሌላ ጊዜ ፊቷ አፏን እንደከፈተች ይደርቅ ነበር፤ አሁን ሕያው ሆና ብቅ አለች።

"አባዬ! ውይ፣ ፂምህ ይኼን ያህል ሸብቷል እንዴ?"

"ምስሉ ሳይጠራ ነበር የሚሻለኝ" አሉ ፂማቸውን እየዳበሱ፤ ስልኩን ግን አልዘጉም። እያወሩ ወደ ጓሮ ሰርቪሱ አመሩ። ባንቺአየሁ ከኋላቸው ተከተለች፤ መንገዱ አጋማሽ ላይ መስመሩ ከጋሼ ማሠራጫ ወደ መሪጌታ መተላለፍ አለበት። ጋሼ የሰርቪሱን ደጃፍ አለፉ። አደይ ስለ ፂሙ ማውራቷን አላቋረጠችም። ወዲያው ከእትዬ ፅጌ ማርያም ፎቅ ፉጨት ተሰማ፤ የተማሪው ሁሉ ቪዲዮ ተለቆለት ነበር። እትዬ እልልታቸውን አቀለጡት።

ጋሼ ተመልሰው መጡ። "ቅዳሜ ማለዳ በር ላይ ጠብቂኝ። ሎጁን ላሳይሽ።"

ቅዳሜ ጣና ጸጥ ብሎ ተኝቷል። የሎጁ ክፍሎች የድንጋይ ናቸው፤ በመካከላቸው ግዙፍ ዋርካዎች ቆመዋል። ድንጋይም እርጥብ ቅጠልም ሞገድ ይውጣል፤ ሥራው ቀላል አይደለም። ባንቺአየሁ ማሠራጫ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ጠጠር እያኖረች ዞረች፤ ጋሼም ለጠባቂው "ጠጠሯን እንዳትነካ፣ እሷ ያለችው ነው የሚሆን" ብለው አዘዙ። ሰኞ ልትጀምር ተስማሙ።

ወደ አንበሳሜ፣ ለእናቷ ደወለች። "እማዬ፣ ትልቅ ሥራ ያዝሁ! ጣና ዳር!"

እናቷ ደነገጡ። "ልጄ፣ ዋና እኮ አትችይም።"

ባንቺአየሁ ዋርካው ሥር ቁጭ ብላ እስኪያማት ሳቀች።