የማይሶር ንጉሥና ንግሥት

እዚህ ጀርመን፣ ግሪስሃይም በሚባለው ሰፈር ሽማግሌው ቤት የምደርሰው አራት አረጋውያን በየቤታቸው አጥቤ፣ አልብሼና መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ደግፌ የራሴን ወገብ የሚደግፍልኝ አጥቻለሁ፤ ደረጃውን የምወጣው እያማረርኩ ነው።

ሰውየው ሕንዳዊ ናቸው። ማይሶር ከምትባል የጥንት የነገሥታት ከተማ መጥተው፣ እዚሁ ቅርብ፣ ዚንድሊንገን ባለ የኬሚካል ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምቆልፈው እኔ ነኝ። እየቆለፍኩም በተሰባበረው ጀርመንኛችን ስለ ማይሶር እሰማለሁ፤ በበዓል ሰሞን በአምፖል ስለሚንቆጠቆጠው ቤተ መንግሥት፣ ስለ ሰንደል እንጨት ሽታ፣ ስለ ዝሆኖቹ ሰልፍ። በልጅነታቸው አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ንጉሡ በዝሆን ጀርባ፣ በወርቅ መቀመጫ ሲያልፉ አይተዋል። ዘውዱ ከቀረ ወዲህ ግን በመቀመጫው ላይ የምትሄደው የከተማዋ ጠባቂ የሚሏት የሴት አምላካቸው ምስል ናት።

«እናንተስ ንጉሣችሁን በማን ተካችሁ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ኧረ አይጠይቁኝ፤ ረጅም ታሪክ ነው፣ ገና ካልሲዎን አላጠለቅኩልዎትም» አልኳቸው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ ከኬለር፣ ከምድር ቤቱ ማለቴ ነው፣ አንድ ካርቶን አስወጡኝ። ውስጡ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለሉ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ማይሶር ውስጥ በዚያ የዝሆኖች ሰልፍ በሚደረግበት በዓል በየቤቱ አሻንጉሊት በደረጃ ይደረደራል። ከሁሉ በላይ የሚቆሙት ከእንጨት የተቀረጹ ንጉሥና ንግሥት ናቸው፤ ለሙሽራ በሠርጓ ወላጆቿ የሚሰጧት ጥንዶች። በየዓመቱ የሚደረድሩት ሚስታቸው ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ካርቶኑ ተከፍቶ አያውቅም።

«ዘንድሮ አንቺ ደርድሪልኝ» አሉ። «የሚመጣውን ዓመት ላላየው እችላለሁ።»

እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። ቁርሳቸውን ወጥ ቤት አቅርቤላቸው፣ መጻሕፍት መደርደሪያውን ባዶ አድርጌ፣ ንጉሡንና ንግሥቲቱን ከሁሉ በላይ አቁሜ ጀመርኩ። ወታደሩ፣ ከበሮ መቺው፣ አትክልት ሻጯ፣ ዝሆኑ፤ እነዚህ ምንም አልመሰሉኝም። ያቺ ብዙ እጅ ያላት የአምላካቸው የነሐስ ምስል ከካርቶኑ ስትወጣ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንገቴ ላይ ማዕተብ አለ። ለጣዖት ዙፋን አዘጋጅቼ እሑድ ቅዳሴ ልቆም? መልሼ በጋዜጣዋ ጠቀለልኳትና፣ ንጉሡን ከላይ አውርጄ በእሷ ቦታ ዝሆኑ ላይ አስቀመጥኩት። ቢጠይቁኝ የምለውንም አዘጋጀሁ፤ በልጅነትዎ ያዩት እንዲህ አልነበር? በብልጠቴ ትንሽ ኮራሁ እንኳ።

በምርኩዛቸው እየተጎተቱ መጡ። ደረጃዎቹን ከታች ጀምረው አንድ በአንድ አዩ። ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ።

«እውነትሽን ነው» አሉ፣ «እንዲህ ነበር።» ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይኛው ደረጃ ሄደ። «እሷ ግን ብቻዋን ቀረች።»

ወንበር አቀረብኩላቸውና ተቀመጡ። ሚስታቸው ያረፉ ዕለት እሳቸው ፋብሪካ እንደነበሩ የነገሩኝ ያኔ ነው። ከሆስፒታል ተደውሎላቸው ነበር። አለቃቸውን ለማስፈቀድ አፍረው ፈረቃቸውን ጨርሰው ሲደርሱ አልጋው ተነጥፎ አገኙት። ሚስትዎ እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ሲያዩ ነበር አለቻቸው ነርሷ። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ ድምፃቸው ብቻ ዛለ።

ስልኬ ይጮሃል፤ ለሚቀጥለው ቴርሚኔ፣ ለቀጠሮዬ፣ አርፍጃለሁ። ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁም፤ በሌላ በማንም ሳይሆን በራሴ። የገዛ ነፍሴን አጸዳለሁ ብዬ የሰው ቁስል ነካካሁ። ንጉሡን ከዝሆኑ አውርጄ፣ ምስሏን ከጋዜጣው ፈትቼ በሁለት እጄ ዝሆኑ ላይ አስቀመጥኳት። ለንስሐ አባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ ኃጢአት ነው ቢሉኝም የምጸጸትበት አይመስለኝም።

ንጉሡን አንስቼ ላይኛው ደረጃ ላይ ላቆመው ስል እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። ከወንበሩ ደግፌ አስነሣኋቸው። ሁለት ጊዜ ሊወድቅባቸው ነበር፤ አላገዝኳቸውም። ከንግሥቲቱ አጠገብ አቆሙት፣ ከዚያም በጣታቸው ቀስ አድርገው አስጠጉት፣ ትከሻቸው እስኪነካካ።

«መጣሁ» አሉ። ለእኔ አልነበረም።