ዓመት የቆየው መርዶዬ

እናቴ ስትሞት ወንድሜ ደበቀኝ። ሬሳዋን አልሸኘሁም፣ አርባዋን አላወጣሁም። እሷ አፈር ለብሳ እኔ ቻይና አገር ደረቴ ላይ ቁጥር ለጥፌ ስሮጥ ነበር።

ቻይና የሄድኩት ለትምህርት ነው። በያጅ ነኝ። አባታችን ሲሞት ታላቄ ትምህርቱን ቀጠለ፤ እኔ ጌጃ ሰፈር ብየዳ ቤት ገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን አልፌ፣ በማታ ትምህርት ነው። እናቴ ራሷ ማንበብ አትችልም፤ ግን ደብተሬን ገልጣ አይታ «ዛሬ ምንም አልጻፍክም» ትለኝ ነበር። መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ሲልከኝ እንደሷ የተደሰተ ሰው የለም። እግሯ ያብጥ ስለነበር እስከ በር ብቻ ሸኘችኝ።

እዚያ ከእኔ ጋር ሦስት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ሁሉም ልጅ እግር ተማሪዎች ናቸው፣ «ጋሼ» ይሉኛል። እሑድ እሑድ ቤት እደውላለሁ። ዐቢይ ጾም እንደገባ ስደውል ወንድሜ አነሳ።

«ጸበል ገብታለች» አለኝ።

«ስልክ አልያዘችም?»

«ጸበል ቦታ ምን ስልክ አለ? ይልቅ ፈተናህን አጥና።»

አመንኩት። እንዲያውም «ለእኔም ትጸልይልኝ በላት» ብዬ ዘጋሁ።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ ተነሥተው ሌላ ከተማ ሩጫ አለ፣ እንሂድ አሉ።

«እኔ ሮጬ አላውቅም፤ ታክሲ ለመያዝ ካልሆነ።»

«ጋሼ ደግሞ! ኢትዮጵያዊ መሆንህን ሲሰሙ መንገዱን ይለቁልሃል» አለ ረጅሙ ልጅ።

ተሳሳቅን። በፈጣን ባቡር ሄድን። መስኮት ዳር አስቀመጡኝ። ምሳዬን ገዙልኝ። ስልኬንም «ፎቶ እናንሳህ» እያሉ ይዘውት ዋሉ። ደግነት መሰለኝ። ደግነትም ነበር፤ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ መልኬን አይቶ ያጨበጭብልኛል። አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ ሲቀድመኝ ዞሮ አየኝ፤ የታመምኩ ሳይመስለው አልቀረም። እንደምንም ጨረስኩ። ሜዳሊያ አጠለቁልኝ፣ ጥርሴ ሁሉ ታይቶ ፎቶ ተነሣሁ። ስልኬን ተቀብዬ ፎቶውን ለወንድሜ ላክሁና «ከጸበል ስትመለስ አሳያት» ብዬ ጻፍኩለት።

«እሺ፣ አሳያታለሁ» ብሎ መለሰ። እናቴ ሂድ ተማር ባለችኝ ፊደል ይህን አነበብኩ።

ከዚያ ገበያ ገባን። ውስጡ ሱፍ የሆነ የቤት ጫማ አየሁ። ረጅሙን ልጅ ጠየቅሁት፦ «ያበጠ እግር ይገባበታል?»

ጫማውን አገላብጦ አየና ቀና ሳይል «ይገባል፣ ጋሼ» አለኝ። ሁሉን ያውቅ ነበር። ወንድሜ ደውሎ «ፈተናውን እስኪጨርስ አጫውቱልኝ» ብሏቸዋል።

በፈተናው ማግሥት ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ሦስቱም ቆመዋል። ረጅሙ መናገር አቅቶት አለቀሰ፤ ያባበልኩት እኔ ነኝ። የእናቴን መርዶ የነገረኝ እናቴን አይቷት የማያውቅ ልጅ ነው።

አገሬ ስመለስ ወንድሜን አላናገርኩትም። ጢሜንም አልተላጨሁም። የእድራችን ሽማግሌዎች አገናኙን።

«ብነግረው ሁሉን ጥሎ ይመጣ ነበር» አለ ወንድሜ። «እሷስ ይህን ትወድ ነበር?»

«እሷን ተዋት።»

«ታዲያ ምን ይሁንልህ?» አሉኝ የእድሩ ዳኛ።

«መርዶዬን ራሱ ያምጣልኝ። እንደ ወጉ፣ በጠዋት፣ በሬ ላይ ቆሞ ይንገረኝ።»

ወንድሜ ሳቀ። «የከረመ መርዶ? ሰፈሩ ምን ይለኛል? አብደሃል እንዴ?»

«አዎ፣ አብጃለሁ።»

በዚሁ ተለያየን። የሙት ዓመቷ ዕለት እንኳ እሱ በድንኳኑ አንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ተቀመጥን።

ከዚያ የልደታ በዓል ዕለት፣ ገና ሳይነጋ፣ በሬ ተንኳኳ። ወንድሜ ነው፤ ጋቢ ለብሷል። የእድሩ ዳኛና አንድ ሌላ ሽማግሌ ከኋላው ቆመዋል።

«ቁጭ በል» አለኝ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«እናታችን...» አለና ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። እንደገና ጀመረ። «እናታችን አርፋለች። እኔ ነኝ የቀበርኳት። ብቻዬን ቀበርኳት።»

ጮህኩ። እሱም ጮኸ። አንገት ለአንገት ተያይዘን ደጁ ላይ ተንበረከክን። ልደታ ማርያም ለመሳም የወጣው ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እየጎተተ መጣ። የጎረቤታችን ሴትዮ የንፍሮ ሳፋዋን እንደያዘች «ኧረ ማን ሞተ?» ትላለች።

«እናታቸው» አሉ ዳኛው።

«እንዴ! እሳቸውማ ካረፉ ዓመት አለፋቸው! በበዓል ቀን ምን ጉድ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ። ለሱ ዛሬ ነው።»

ሳፋዋን አስቀምጣ አብራን አለቀሰች።

ጫማው ዛሬም አልጋዬ ሥር ከነላስቲኩ አለ። እሱን የሚፈታው ሽማግሌ የለም። የእኔና የወንድሜ ነገር ግን አልቋል፦ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጠዋት።