የተፋቀው ሰማያዊ ጅራት

ትናንት የሃቡቡ ነፋስ አቧራውን ይዞ መጥቶ የመስኮታችንን መስታወት ሰበረው። እማዬ መድፈኛ ካርቶን ፈልግ አለችኝ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ እጄን ስሰድ የወንድሜ የዮናስ የካርቶን ሰሌዳ ወጣ። አንዱን ጥግ ምስጥ በልቶታል። ቀለሙ ግን አለ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የቀረሁ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባው ዮናስ ነበር። የመመረቂያ ጥናቱ የወባን ተሐዋሲ ስለሚያንቀሳቅሱ ፕሮቲኖች ነው። ተሐዋሲው እግር የለውም፤ ግን እየተንሸራተተ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባል። «ሞተር አለው» ይለኝ ነበር ዮናስ፣ ዳቦውን ፉል ውስጥ እያጠቀሰ። ፉሉን በሰሊጥ ዘይት አጥለቅልቆ ነበር የሚበላው። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሳህኑን እገፋለሁ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወቅት፣ ገብቶ፣ ሰፈራችንን ጀሪፍን ጭቃ አድርጎት፣ በየጉድጓዱ ውሃ ተኝቶ ነበር። ዮናስ ጥናቱን የሚያቀርበው በማግስቱ ነው። የብዙ ሞተር ፕሮቲኖችን ቅርጽ ከወረቀት ቆርጦ ሰሌዳው ላይ በየምድባቸው ደርድሯል። ጭንቅላታቸው ቀይ፤ ነዳጁ የሚቃጠለው እዚያ ነው። አንገታቸው ቢጫ፣ ጅራታቸው ሰማያዊ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ነበር። «ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ፤ አልነገርኳትም። ያን ቀን ጠዋት እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ የደም ምርመራ ልንሄድ ባለ ሦስት እግር ሪክሻ ጠራሁ። እሱ ሊታጠብ ገባ። እኔ ሰሌዳውን አየሁ። መጨረሻ ላይ ያለው፣ የወባው ሞተር፣ ጅራት የለውም። ትኩሳቱ አስረስቶት ነው አልኩ። ሰማያዊ ወረቀት ቆርጬ፣ ሙጫውን ሳልሰስት ለጠፍኩለት። ደስ ብሎኝ ነበር።

«ይሄን ማን ለጠፈ?»

«እኔ ነኝ። ረስተኸው...»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ዓመት ሙሉ የለፋሁት እኮ ጅራት የለውም ለማለት ነው!» ሳቀ፤ ጥርሱ ግን ይንገጫገጭ ነበር። «ለብቻው የተመደበውስ ለምን መሰለህ? በጅራት ፈንታ አንገቱን ጨብጣ ከተሐዋሲው ሽፋን ጋር የምታያይዘው ትንሽ ፕሮቲን አለች። እሷን ነው የሸፈንክብኝ።»

በምላጭ ይፍቅ ጀመር። ሙጫው ጠንክሮ የሥሩን ሥዕል ይዞት ተነሳ። ውጭ ባለ ሪክሻው «ያላ!» እያለ ጡሩንባ ይነፋል።

«አሰናብተው» አለኝ ዮናስ። «ካቀረብኩ በኋላ እንሄዳለን፣ ኢንሻላህ።»

ወጥቼ አሰናበትኩት። በራሴ አፍ፣ ሂድ አልኩት።

ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያንን ሥዕል እንደገና ሠራ። ሲመሽ ጨረሰ። በማግስቱ ግን ከአልጋው አልተነሳም። ስሜን ስነግረው አላወቀኝም። ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል አለን። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ለቅሶ የመጡት ሁሉ «ትምህርት ገደለው» ይሉ ነበር። እኔም ሻይ አቀርብ ነበር። የተሐዋሲውን ሞተር ክፍል በክፍል የሚያውቅ ሰው አንዲት የደም ጠብታ በጊዜው ሳያስመረምር ሞተ። በእኔ ጅራት ምክንያት።

ትናንት እማዬ ሰሌዳውን ተቀብላኝ በአዲሱ ሥዕል ዙሪያ የተፋቀውን ቦታ በጣቷ ነካችው። «እዚህ ጋ ምን ነበር?»

ነገርኳት። ሪክሻውንም፣ ሁሉንም። ይህን ያህል ዓመት ይዤው የኖርኩት ነገር ለመናገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ጠዋት ጣኢፍ ሥራ ልሄድ ስል፣ ተኝቶ ሳለ ግንባሩን ነክቼው ነበር» አለች። «እሳት ነበር። የማጸዳበት ቤት እንግዳ ይመጣ ነበርና፣ አረፈድኩ ብዬ ወጣሁ።»

ቢቀልለኝ ጥሩ ነበር። አልቀለለኝም። አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመው የነበረውን አሁን ሁለት ሆነን መሸከማችን ነው፤ ክብደቱ ግን አልተከፈለም፣ ለየራሳችን ሙሉውን ይዘናል።

ምስማር አመጣሁ። «ሥዕሉን ወደ ውስጥ ላድርገው ወይስ ወደ ውጭ?» አልኳት።

«ወደ ውጭ።»

ወደ ውጭ አዙሬ መታሁት። ምስጥ የጀመረውን ሃቡቡ ይጨርሰው።