ዘሀራ ድናለች ብዬ ያወራሁት ወሬ

ይህን ለባለቤቴም ለአለቃዬም ተናግሬ አላውቅም። ዘሀራ ድናለች ብዬ በራዲዮ የዘገብኩት እኔ ነኝ። እንዳልዳነች እያወቅሁ ዘገብኩት።

ዘሀራ የአርዲቦ ገበሬ ናት። በኦፕራሲዮን ስትወልድ ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ተጎዳባትና ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስ ጀመር። ሠርግም ለቅሶም ቀረባት። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ደሴ ላይ አንድ ሐኪም ቱቦውን ከጉዳቱ በላይ ቆርጦ ፊኛዋ ላይ ሌላ ቦታ ሰፋው። ፍሳሹ ቆመ። ያ ቱቦ ከስንዴ አገዳ እንደማይወፍር፣ ተኝተንም ሽንቱን እየገፋ እንደሚያወርድ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ ብዙ ያየሁ ሰው ብሆንም አፌን ይዤ ቀረሁ። ዛሬም ይደንቀኛል። ስፌቱ ግን ሊጠብ ይችላል፣ ጎኗን ከወጋት ወይም ካተኮሳት ፈጥና ትመለስ አለኝ።

ቤቷ ሄጄ እንዴት ነሽ አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ።»

ጎኗን እንደሚወጋትና እንደሚያንቀጠቅጣት የነገረችኝ መቅረጫውን ካጠፋሁ በኋላ ነው። እኔስ የወሎ ልጅ አይደለሁም? እኛ ዘንድ የታመመ ሰው መጀመሪያ አምላኩን እንደሚያመሰግን አላውቅም? ምስጋናዋን የምርመራ ውጤት አድርጌ አስተላለፍኩ። ሕመሟን ተውኩት፤ የሐኪሙን ማስጠንቀቂያም ቆርጬ ጣልኩት። ተአምሩ እንዳይደበዝዝብኝ ነው።

ደሴ ልመለስ ባለች ቁጥር ባሏ እንድሪስ ይቀልድባት ነበር።

«አገር በሙሉ ድነሻል ሲባል ሰምቷል። አሁን ታምሜያለሁ ብትይ ማን ይሰማሻል?»

እሷም አፍራ ተወችው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት የዚያ ጎን ኩላሊቷ ሞቶ ነበር፤ አወጡት።

ጦርነቱ ነው ማለት እችላለሁ። ግን መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ዓመታት ነበሩ። እነሱን የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

ሐይቅ ገበያ አግኝቻት ሁሉን ነገርኳት። ቅርጫቷን እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እንደዚያ ያለ ትዕግሥት አይቼ አላውቅም።

«እኔስ አፉ ብዬሃለሁ፣ ወንድም ዓለም» አለች። «ያኔ ያወራኸው ግን ለኔ ብቻ ነው እንዴ?»

ወሬዬን ሰምተሽ ሕመምሽን የዋጥሽ እህቴ ሆይ፣ የት እንዳለሽ አላውቅም። ማስተካከያዬ ይኸው፦ ጎንሽን ከወጋሽ፣ ማንም ድነሻል ቢልሽ አትመኚ። ዛሬውኑ ሂጂ።