በልኬ የተሠራ ቀስት

ቅዳሜ ጠዋት ከድሬዳዋ የወጣሁት ቀስት ለማሠራት ነው። ለግድግዳ ጌጥ የሚሆነውን ማለቴ አይደለም። ድሮ አዳኞች ይዘውት ዱር ይገቡ የነበረውን፣ በሰው ቁመትና በሰው ክንድ ልክ የሚሠራውን ነው። ይህን የምጽፈው ደመወዙ እንደኔ ትንሽ ሆኖ እንዲህ ያለ ቀስት የሚመኝ ሰው ካለ መንገዱን እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ምክንያቱን ላስቀድም። የቀበሌያችን ሴቶች እሁድ እሁድ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቀስት እንለማመዳለን። ጎርፍ በሌለበት ወራት ወንዙ ሰፊ ሜዳ ነው። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ እንደረድርና ከፊቱ ካርቶን እንሰቅላለን። ያለን ቀስት አንድ ሲሆን እሱም ለወንድ የተሠራ ነው። እኔ እስከ አገጬ ስቤው አላውቅም፤ ገና ደረቴ ጋ ሳይደርስ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ለከተማው የባህል ስፖርት ውድድር ስም ሲወጣ አሠልጣኛችን ከተጠባባቂዎች ጋር ጻፈኝ። «ዓይንሽ ጥሩ ነው፤ ቀስቱ ነው ያልታዘዘሽ። የራሷን ቀስት ያመጣች በሱ መወዳደር ትችላለች» አለኝ።

እሺ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ ልማዴ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሸሚዝ እጅጌ ነው የምሰፋው። ክር ሲያልቅብኝ እንኳ ተቆጣጣሪዋን ከመጥራት አጠገቤ ካለችው ልጅ እበደራለሁ። ያን ቀን ግን ወደ ቤት ስመለስ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ሄጄ ስልክ ልገዛበት ያጠራቀምኩትን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ለቀስት ለማድረግ ወሰንኩ።

ቀፊራ ገበያ ማሽላ የምትሸጥልን፣ ከገጠር ከተማዋ ከዋሂል የምትመጣ ሴት ናት ስለ ቀስት ሠሪው የነገረችን። ስማቸው ዩያ ነው፤ ዘመዳቸው ያልሆነውም ሁሉ «አዴራ ዩያ» ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት። «ለገመዱ የሚሆን ጅማትና ቀስቱን ለማሸት ቅቤ ይዛችሁ ሂዱ። እነዚህን ከሳቸው ከወሰዳችሁ ዋጋው ይጨምራል» ብላ መከረችን።

ቀፊራ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

አብሮኝ የሄደው ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ነው። ባጃጅ ይነዳል። ትከሻው ከመስፋቱ የተነሣ ባጃጁ ውስጥ ሲቀመጥ ባጃጁን የለበሰው ይመስላል። ከቤት ሳንወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ዋጋውን እኔ እነጋገርልሻለሁ። የቀረው ያንቺ ነው። ስለ ቀስት እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሥጋ ቤቱ ጋ ደርሰን ጅማት ስጠይቅ ሻጩ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ለሾርባ ነው?»

ዳዊትን አየሁት። እሱ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«ለገመድ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ለገመድ! እኔ ሥጋ ልሸጥላት ቆሜ እሷ የውሻዬን ምሳ ትመርጣለች!» አለና ሳቀ። ቢሆንም ከበሬው ጀርባ ረጅሙን ጅማት መርጦ በላስቲክ ጠቀለለልኝ። መቶ ብር። ቅቤው ትንሽ ቢሆንም ሁለት መቶ ብር አስወጣኝ።

ወደ ዋሂል

ሚኒባሱ በሰው መቶ ብር ነው፤ ዳዊት የራሱን ከፈለ። ወተት ሸጠው የሚመለሱ ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ረዳቱ በኦሮምኛ ሂሳብ ይሰበስባል፣ በሶማልኛ ይሳደባል፣ የተሳደበው ሰው ከተቆጣ በአማርኛ ይቅርታ ይጠይቃል። ከተማው ካለቀ በኋላ አቧራው በመስኮት ይገባ ጀመር። ግራና ቀኙ ግራር ነው፤ የቤቶቹ አጥር ቲን ነው፣ ሌላው አገር ቁልቋል የሚለው። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል። አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ግመሎች መንገዱን ዘጉብን። ሹፌሩ ጥሩንባ ቢነፋ አንዷ ዞር ብላ አየችውና ቦታዋ ላይ ቀረች። «የመንገድ ትራንስፖርት ናት፣ መንጃ ፈቃድህን አውጣ!» አለው አንድ ሰው ከኋላ።

ዋሂል ወርደን ፈጢራ በሻይ በላን። ከዚያ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። የአዴራ ዩያ ቤት የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ አለው። ከማብሰያው ዳስ ጣሪያ ሥር እንጨቶች ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ጭሱ አጥቁሯቸዋል። ሁሉም ሀሮሬሳ የሚባለው እንጨት ነው። ጎብጦ የማይሰበር ስለሆነ የዚያ አገር ሰው ለበትርም ለቀስትም ይወደዋል።

አዴራ ዩያ ሽርጥ የታጠቁ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ከዚህ በታች የተናገሩትን ሁሉ በአማርኛ ጻፍኩት እንጂ ግማሹ ኦሮምኛ ነበር። እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ አፌን ከፍቼ መናገሩን ግን ደፍሬ አላውቅም።

«ቀስት ፈልገን ነው የመጣነው» አላቸው ዳዊት።

«ማሻአላህ! ለዚህ ትከሻማ ቀስት ያስፈልገዋል! ጫማህን አውልቅ፣ ና ቆዳው ላይ ቁም።»

መሬት ላይ የተነጠፈ የፍየል ቆዳ አለ። ደንበኛ ሁሉ እዚያ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ይለካል። ዳዊት አየኝ። የምናገረውን እየጠበቀ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን የነጠላ ጫማዬን ጫፍ ማየት ጀመርኩ። ቢቸግረው ጫማውን አወለቀና ቆመ። ሽማግሌው ረጅም እንጨት አውርደው ከእግሩ እስከ ቅንድቡ ለኩት፤ ክንዱን አስዘርግተው ለኩና እንጨቱ ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ። እኔ ምልክቶቹን ቆጠርኩ።

«አምስት ሺህ ብር» አሉ ሲጨርሱ።

«አዴራ! በአምስት ሺህ ብር ፍየል እገዛበታለሁ!»

«እንግዲያው ፍየሏን ወርውራት!»

ከብዙ ክርክር በኋላ አራት ሺህ አምስት መቶ ላይ ቆሙ። «ለረጅም ሰው ረጅም እንጨት ነው። ሁለት ዓመት ጭስ የጠጣ ነው። ርካሽ ከፈለግህ እርጥብ እንጨት አለ፤ ደርቆ የሚሠራው ግን ለከርሞ ነው።»

ውድድሩ ደግሞ ከርሞን አይጠብቅም። ዳዊት ጫማውን አነሣ። «እንግዲህ እንሂድ» አለ። የተናገረው ለሳቸው ሳይሆን ለኔ ነው።

የአዴራ ዩያ ባለቤት አዮ ሀሊማ (አዮ እናቴ እንደማለት ነው) በዚህ መሃል ሆጃ ይዘውልን መጡ፤ የቡና ገለባ በወተት የተፈላ ነው። ጣሳውን ተቀበልኩ። ይህን ጠጥቼ ከተነሣሁ ዘንድሮ ተጠባባቂ ነኝ፣ የሚመጣው ዓመትም እንዲሁ።

«አዴራ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ስለወጣ ዳግም አልኩት። «አዴራ። ቀስቱ የኔ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«የሱ አይደለም። የምስበው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ ዳዊት ዞሩ። «አንተ ታዲያ! ይሄን ሁሉ ስለካህ አፍህን የት ጥለኸው ነበር?»

«እኔ ዋጋ ልነጋገርላት ነው የመጣሁት።»

አዮ ሀሊማ እየሳቁ መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ እኮ ገና ሲገቡ ነው ያወቅኩት! የሷ ዓይን ከእንጨቱ ላይ አልተነሣም፣ እሱ የሚያየው ዶሮዬን ነው!»

ኩይሳው

አዴራ ዩያ አልሳቁም። አንድ አሮጌ መሞከሪያ ቀስትና ሁለት ፍላጻ ሰጡኝ። ከግቢው ውጭ ካለ ኩይሳ ላይ የቲን ቅጠል አስደግፈው «ምቺው» አሉ። የመጀመሪያውን ስለቅ ገመዱ ክንዴን ገረፈኝ፤ ፍላጻው አፈር ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ከቅጠሉ ጎን አንድ ስንዝር ርቆ ኩይሳው ላይ ተሰካ። ከሳቸው ዘወር ማለት ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ፍላጻውን አላዩትም፤ ሲያዩ የቆዩት ክርኔን ነው።

ተመልሰው በርጩማ ላይ ወጡና ከጣሪያው ጥግ የሸረሪት ድር ያለበሰውን አንድ አጭር እንጨት አወረዱ። ሻካራ ይሁን እንጂ ቅርጹ የቀስት ነበር።

«ይሄ ሲመጣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ነበረው፤ ቆርጬ አሳጠርኩት። ስንት ወንድ መጣ፣ ሁሉም አጭር ነው እያለ መለሰው። አራት ዓመት እዚህ ጭስ ይጠጣል። ነይ ቁሚ።»

ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ቆዳው ላይ ቆምኩ።

«ቀና በይ እንጂ! የምለካው አንቺን ነው ወይስ ጉብጠትሽን?»

ቀና አልኩ። የእንጨቱ ጫፍ ልክ ቅንድቤ ላይ አረፈ።

ዳዊት «ስንት ነው እሱ?» ብሎ ሊጀምር ሲል በእጃቸው ከለከሉት። «አንተ ሆጃህን ጠጣ። ባለ ቀስቷ ትናገር።»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ» አልኩ።

«ሦስት ሺህ።»

«ጅማቱንም ቅቤውንም ይዤ መጥቻለሁ። መፋቁንም እኔው እፍቀዋለሁ።»

«እጅሽ ይቆስላል።»

«በየቀኑ መርፌ ይወጋው የለ? ለምዷል።»

ጢማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ሁለት ፍላጻ ጨምሬልሻለሁ።»

ሥራው እስከ እሁድ ይፈጃል። ዳዊት ባጃጁን ለባለንብረቱ የሚያስረክብበት ሰዓት ስለነበረው መመለስ ነበረበት። እኔ ከዘመድ ቤት ሌላ የትም አድሬ አላውቅም። «ልሂድ?» አለኝ። አዮ ሀሊማ አልጋቸውን ሲያነጥፉልኝ አየሁና «ሂድ» አልኩት። ከበሩ ዞር ብሎ፦ «እስክትናገሪ ነበር የጠበቅኩት። ባትናገሪ ባዶ እጃችንን ነበር የምንመለሰው፤ እውነቴን ነው» አለኝ። ተናድጄበት ሳለ አመሰገንኩት።

መፋቅ

የሚፋቀው በጠርሙስ ስባሪ ነው። አዴራ ዩያ በመጥረቢያ ወፍራም ወፍራሙን አነሡልኝ፤ ቀሪውን እኔ ጭኔ ላይ አድርጌ ፋቅኩ። ጥቁሩ ሲነሣ ከሥር ማር የመሰለ እንጨት ወጣ። ጅማቱን ደግሞ ውሃ ውስጥ ነክረን፣ በድንጋይ ቀጥቅጠን፣ ፈትለን ጭናችን ላይ ገመድነው። አዮ ሀሊማ የኔን ገመድ ጎትተው አዩና «ይቺ ልጅ ክር ታውቃለች» አሉ ለባላቸው። እራት ገንፎ በወተት በላን። እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

እሁድ ጠዋት አዴራ ዩያ ቀስቱን ግድግዳው ላይ ካለ ባላ ላይ አጋደሙትና ገመዱ ላይ ድንጋይ አንጠለጠሉ። ቀስቱ ጎበጠ። ራቅ ብለን ቆምን።

«የቱ ክንፍ ነው የሰነፈው?» አሉኝ።

ሁለት እጅጌ እኩል መሆኑን ማየት የዕለት ሥራዬ ነው። «የቀኙ» አልኩ ሳላመነታ። «እሱ ቀጥ ብሏል፣ ግራው ብቻ ነው የሚሠራው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፋቂው።»

ፍቄ፣ ሰቅለን፣ ደግሞ ፍቄ፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል ሲጎብጡ ቅቤ ቀብተን ከፍም ራቅ አድርገን አሞቅነው። ከዚያ ወደ ኩይሳው ሄድን። ሳብኩት። ደረቴን አለፈ፣ አገጬ ጋ ደረሰ፣ ክንዴ ጸጥ አለ። ፍላጻው የቲኑን ቅጠል መሃሉን በሳው። የቅጠሉ ውሃ ኩይሳው ላይ ሲንጠባጠብ ሳየው ቆየሁ።

«አባቴ በእንዲህ ያለው ሚዳቋ ይጥል ነበር» አሉ አዴራ ዩያ። «አሁን አደን ክልክል ነው። አንቺ ካርቶንሽን ግደዪ።»

መመለስ

የሚኒባሱ ረዳት ቀስቱን ጣሪያ ላይ ልጫነው አለ። እምቢ አልኩ። «ለሱም ወንበር ትከፍያለሽ?» ሲለኝ «ጭኔ ላይ ነው የሚቀመጠው» አልኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ በኦሮምኛ የወንድሜ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ከን ኪያ» አልኳቸው። የኔ ነው ማለት ነው። ሌላም ጠየቁኝ፣ እንጨቱን፣ ዋጋውን፣ የሠራውን። ድሬዳዋ እስክንገባ በኦሮምኛ መለስኩላቸው። ሁለት ቦታ ስህተት አርመውኛል።

ቤት ስደርስ የባቡር ጡረተኛው አባቴ ቀስቱን ተቀብሎ በጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው፤ «ማነው የፋቀው?» አለ። «እኔ» ስለው መልሶ ዳበሰው። ዳዊት ሊስበው ሞከረና ክርኑ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። «ይሄማ እኔን አያውቀኝም!» ብሎ መለሰልኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ደቻቱ ላይ አሠልጣኛችን ፍላጻዎቼ የተሰኩበትን ካርቶን አየ፣ ቀስቱን አየ፣ ስሜን ከተጠባባቂዎች አንሥቶ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ጻፈው። ኪሴ ውስጥ የቀረው የአንድ ሳምንት የታክሲ ብር ነበር፤ ስልኬም አሮጌው ነው። ምንም አልቆጨኝም።

ከጉዞው የተማርኩት ይህ ነው። አቅሜ የሚችለው ቀስት ድሮም እዚያው ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ነበር፤ ለማን እንደሆነ እስክናገር ድረስ ግን የሚያወርደው አልነበረም። ወደ ዋሂል የምትሄዱ ካላችሁ ጅማትና ቅቤ ይዛችሁ ሂዱ። ቆዳው ላይ ስትቆሙም አትጎንበሱ።