ከትከሻው ላይ ያጠፋሁት እጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ወቅት ነው። ፎቶ ለማስተካከል በተቀመጥኩ ቁጥር ስለሚመጣብኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ እየሞከርኩ ነው የለመድኩት። ከዚያ የለቀማ ወቅት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እማማ ብርቅነሽ የሚባሉ እናት ከጨለለቅቱ መጡ። ሰሜን የዘመተው ልጃቸው ደምሴ ድምፁ ጠፍቷል። ስልካቸው ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በወታደር ልብስ የተነሳው አንድ ፎቶ ነበር።

«ልጄን ለብቻው አውጣልኝ፤ አፋልጉኝ ልለጥፍ» አሉኝ።

ሦስቱን አጠፋሁ። ትከሻው ላይ የአንዱ እጅ አርፎ ነበር። እሱን ለማጥፋት ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ማንም እንዳያውቅ አድርጌ ልብሱን ሞላሁት። ኮራሁበትም።

እማማ ያተምኩላቸውን የአፋልጉኝ ወረቀት ይዘው ሐዋሳም አዲስ አበባም፣ ካምፕ ለካምፕ፣ ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞሩ። ዲላ ሲያልፉ ወደኔ ጎራ ይላሉ። «አየሁት የሚል የለም፣ ልጄ» ይሉኛል፤ ተጨማሪ አትምላቸዋለሁ። አንዱን የፎቶ ቤቴ መስታወት ላይ ለጠፍኩት።

ባለፈው ዓመት አንድ የሚያነክስ ወጣት ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ገባ። በራሶ ይባላል፤ ይርጋጨፌ የቡና ማጠቢያ ጥበቃ ነው። ወረቀቱን ሲያይ ቆመ።

«ይሄን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እዚህ ጋ እኔ ነበርኩ እኮ። እጄን ትከሻው ላይ ጥዬ። የት ከተትከኝ?»

ፈገግ ብሎ ነበር። ደምሴ የት እንዳለ ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ።

«የቀበርኩት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ የተነገራቸው መስሎኝ። የጌዴኦ ልጅ መሆኑን እንጂ ቀዬውን አላውቅም።»

በራሶ ከዘመቻው ከተመለሰ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። እማማ አዲስ አበባ ድረስ ሲንከራተቱ እሱ እዚሁ፣ ጎረቤት ወረዳ ነበር። የበራሶን ፊት ባላጠፋው ኖሮ ወረቀቱን ያየ አንድ የይርጋጨፌ ሰው ባወቀው ነበር።

ዋናው ፎቶ ኮምፒውተሬ ውስጥ ስለቀረ አትሜው አብረን ጨለለቅቱ ሄድን። እማማ መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ በራሶን አዩ። ማንም ምንም ሳይላቸው ገባቸው። የበራሶን እጅ ይዘው አገላበጡት።

«አፈር ያለበስክልኝ በዚህ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር «ተው። ለብቻው አውጣልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ለቅሶው ላይ የተሰቀለው አራቱም ያሉበት ፎቶ ነው።

እሳቸው አልወቀሱኝም። እኔ ግን አርባ ደቂቃዋ አትወጣልኝም። ዛሬም ሰው ከፎቶ አጥፋልኝ የሚለኝ ደንበኛ ይመጣል፤ ሥራዬ ነውና አጠፋለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ግን የሚጠፋውን ሰው ስም ጠይቄ እጽፋለሁ።